ሐሞት መውጫ ሲያጣ

ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቆቦ፣ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር

ለወንድሜ ልጅ ለራዊያ፣

አሰላሙ ዓለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የሄድሽበት አገር ብርዱ አጥንትሽን፣ ሰዉ ልብሽን ሳይነካው አላህ ያቆይልኝ። እኔ አክስትሽ ኡሙልኸይር ደህና ነኝ፤ ልጄ ኢቅራ ደህና ናት። ደህና ያልሆነው ጉሮኖው ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስጻፈሽ እንዳትይኝ። መብራት እኛ ሠፈር አልደረሰም፤ ስልኬ የሚሞላው በጎረቤታችን በበድረዲን ሱቅ ሶላር ነው። ጠላት ቤት ተሰክቶ የሚውል ስልክ ምስጢር አይጠብቅም። ስለዚህ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የያዝኩትን ብዕር አንሥቻለሁ። መልስሽንም በእሱ ሱቅ በኩል እንዳትልኪው፤ ሾፌሩ ሁሉ የሰው ዕቃ የሚያራግፈው እዚያ ነው። በተከራዬ በመምህርት ቅድስት ስም ይሁን። ከደብረ ታቦር ተመድባ የመጣች ልጅ ናት፤ የማንም ወገን አይደለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኅዳር ወዲህ አምስት ፍየል ሞተብኝ። መጀመሪያ ነጭቱ፣ ቀጥላ ቦቃዋ ከነግልገሏ፣ ከዚያ ሁለቱ ዳለቾች። ዓይናቸው እንደ እርድ ቢጫ ይሆናል፤ አፍንጫቸውና ጆሯቸው ይላጣል፤ ፀሐይ ስትወጣ ግድግዳ ሥር ይሸጎጣሉ። ጥቁሮቹ ግን እስካሁን ቆመዋል። ነጭ ነጩን እየለየ የሚገድል በሽታ አይተሽ ታውቂያለሽ? በሽታ አይመርጥም፤ የሚመርጥ ሰው ነው። የእንስሳት ሐኪም ጠርቼ ነበር፤ ለጉበት ትል ነው ብሎ ኪኒን ሰጠኝ። ትሉ ሞተ መሰለኝ፤ ፍየሉም አብሮ ሞተ።

ጥቅምት ላይ ፍየሎቼ የበድረዲን ደጋሊት የተባለው ማሽላ ውስጥ ገብተውበት በሰው ፊት ምን አለኝ መሰለሽ? «አንድ ቀን ቆጥረሽ ታጫቸዋለሽ።» ይኸው እየቆጠርኩ እያጣኋቸው ነው። ሰውዬው ደግሞ የኢቅራ አማት ሊሆን ነው፤ ልጁ መንሱር ከዒድ በኋላ ኒካሕ ሊያስር ቀጠሮ ይዘናል። ጉሮኖዬን የመረዘ ሰው ልጄን ወስዶ ምን ሊያበላት ነው? ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ ይኖራል ስንጥር።

አንቺ እዚያ የእንስሳ ጉበትና ሐሞት በብርጭቆ ታሳድጊያለሽ ብሎ አንድ ሰው ነገረኝ። እውነት ከሆነ ጥቂት ሐሞት ለዚህ አገር ወንድ ላኪለት፤ ሐሞቱ የፈሰሰ በዝቷል። ቀልዱን ልተወውና፣ የጉበት ነገር ከገባሽ መድኃኒት ላኪልኝ።

ስትሄጂ በአጥሬ ዙሪያ የተከልሽው አበባ ደህና ነው። ቀይም ቢጫም ሆኖ አብቧል። አደራሽን አልበላሁም።

አክስትሽ ኡሙልኸይር


ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.
ዩትሬክት፣ ኔዘርላንድስ

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ኡሙልኸይር፣

የአላህ ሰላም በቤትዎም በጉሮኖዎም ይሁን፤ ኢቅራንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃልን። ደብዳቤዎ በአሥራ ሁለት ቀኑ ደረሰኝ። ጽሕፈትዎን ሳይ መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ቀጥሎ ደነገጥኩ። እርስዎ በደህና ቀን ብዕር አያነሡም።

የነገረዎት ሰው ብዙም አልዋሸም። ከዚህ ከተማ ቄራ የታረደ ፍየል ጉበት በበረዶ ይመጣልኛል፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ ትበቃኛለች። በመቀስ አድቅቄ፣ ሕዋሳቱን እርስ በርስ ያያዛቸውን ነገር በሚያሟሟ ፈሳሽ አለያያቸዋለሁ። ከዚያ እንደ ራሰ አብሽ በሚያሟልጭ ነገር ላይ አኑሬ፣ በፍየል ገላ ሙቀት ልክ አቆያቸዋለሁ፤ በየሁለት ቀኑ ምግባቸውን እቀይራለሁ። የሐሞት ቧንቧዎቹ ሕዋሳት ብርቱ ናቸው፤ ይራባሉ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ጥቃቅን ኳስ ይሠራሉ። የጉበቶቹ ግን ቅብጥብጦች ናቸው፤ ከጥቂት ሳምንት በላይ አይቆዩልኝም።

ደህና ሲሆኑ በመካከላቸው ቀጫጭን ቦይ ያበጃሉ። ሐሞታቸውን የሚያፈስሱት በዚያ ነው። የሚያበራ አረንጓዴ ቀለም ባጠጣኋቸው ጊዜ፣ ጎርፍ እንደ ገባበት የቆቦ ማሳ ቦዩ ሁሉ ወለል ብሎ ይታየኛል። መርዝ ከነካቸው ቀለሙ ውስጣቸው ይቀራል። ሐሞት መውጫ ሲያጣ ጉበቱን ራሱን ይበላዋል፤ ዓይን ቢጫ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

የእርስዎ ፍየሎችም ሐሞታቸው የታገተ ይመስለኛል። ምን እንዳገተው ሳላውቅ ግን መድኃኒት ልልክልዎ አልችልም። ጉበት እንዳይልኩልኝ፤ ሥጋ ነክ ነገር ድንበር አያልፍም። የደረቀ ገለባ፣ ቅጠል፣ አፈርና ትንሽ ውኃ ከሆነ አለቃዬ ፈቃድ አውጥታልኛለች። ከእርስዎ ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ከኅዳር ወዲህ ፍየሎቹ ምን እየበሉ ነው? የተለወጠ መኖ ካለ ይንገሩኝ። እስከዚያው በድረዲንን በክፉ አያንሡት። ሰውዬው ደረቅ ነው እንጂ መርዘኛ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

አበባዬን እስካሁን ስላጠጡልኝ አላህ ውለታዎን ይክፈልልኝ። እዚህ ወንዝ ዳር ቁሜ እሱን ሳስበው ቤቴ ያለሁ ይመስለኛል።

ልጅዎ ራዊያ


የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቆቦ

ለራዊያ፣

አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። ሰላምታዬን እንደ ወትሮው አላበዛውም፤ ሆዴ በነገር ሞልቷል።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቴ አልገባኝም፤ በሦስተኛው ፈራሁ። የታረደ ፍየል ጉበቱ ቀርቶ ይራባል አልሽኝ። ሼኹን ጠየቅኳቸው፤ «ፈጠርኩ ካላለች፣ ዘርቶ እንደ ማብቀል ነው» አሉኝ። አትልም ብዬ ቃል ገባሁልሽ። ግን ልጄ፣ የፈረንጅ ፍየል ጉበት የራያን ፍየል ሕመም ከየት ያውቀዋል? ለምለም ሣር ላይ ተንጋሎ ያደገ ፍየል ስለ እኛ ፍየል ሊመሰክር ነው?

ሁለት ተጨመሩ፤ የሞቱት ሰባት ሆኑ። አራት ጥቁሮችና አንዲት ጠጉሯ ፈዘዝ ያለ ወይቦ ቀርተውኛል። ወይቦዋም ጆሮዋ መላጥ ጀምሯል።

ያልሽውን ልኬልሻለሁ። አንደኛው ከረጢት በአጥሬ በኩል ተጭኖ የሚያልፈው የበድረዲን ማሽላ አገዳ ነው። በጠርሙሱ ያለው አብረን የምናጠጣበት ኩሬ ውኃ ነው። በወረቀት የጠቀለልኩት ነጭ ዱቄት ደግሞ፣ በእጄ እንኳ አልነካሁትም፣ በጉሮኖዬ በር ላይ ተበትኖ ያገኘሁት ነው። በተለይ እሱን እይው።

ባለፈው ከጁምዓ ሲመለስ በድረዲን በአጥሬ ላይ አንገቱን አስግጎ ሲያይ ደረስኩበት። «ምን ታያለህ?» ብለው፣ «ኧረ ምንም፣ አጥርሽን ነው» ብሎኝ አፍሮ ሄደ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! ንጹሕ ሰው የሴት አጥር ምን አድርግልኝ ብሎ ያያል?

ነገሩ የዘወልድ፣ የአገር አስታራቂ ሽማግሌዎች ፊት ቀርቧል። እንደምታውቂው እነሱ የዳኙት ይግባኝ የለውም። በድረዲን ካደ። እንግዲያውስ ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ፣ ዋርካው ሥር ቁርኣን ነክቼ «እሱ ነው» ብዬ ልምል ተቆረጠ። ከማልኩ በኋላ በሁለታችን ቤት መካከል እሳት መጫጫር የለም፤ ኒካሑም ቀረ። ኢቅራ ይህን ከሰማች ወዲህ አታናግረኝም። ምግቤን ታቀርብና ፊቷን ታዞራለች። መንሱር በደጄ ሲያልፍ አንገቱን ይደፋል፤ አባቱ የሠራውን ቢያውቅ ነው እላለሁ።

መድኃኒቱ ይቅርብኝ። የምፈልገው ማኅተም ያለው ወረቀት ነው። መርዝ ተገኘ የሚል። ሽማግሌ ማኅተም ያከብራል።

አበባሽ ለምልሟል።

አክስትሽ ኡሙልኸይር


መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ዩትሬክት

ለተከበሩ አክስቴ፣

ረመዳን ሙባረክ፤ ጾምዎን አላህ ይቀበልዎ፣ ማፍጠሪያዎንም ከዘመድ ጋር ያድርግልዎ። እዚህ ብርዱ ረኃቡን ያብሰዋል፤ ሥራው ግን ያስረሳኛል።

የላኩልኝን ሁሉ አንድ በአንድ ዘፍዝፌ፣ አጥልዬ፣ ለሕዋሳቱ ሰጥቻለሁ። የማሽላው አገዳ ምንም አላደረጋቸውም። የኩሬው ውኃም ምንም። ቦዮቹ እንደ ወትሮው ወለል ብለው አብርተዋል። ነጩ ዱቄት ጠመኔ ነው። አዎ፣ የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ። ቅድስትን ደወልኩላት፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጋዎኗን የምታራግፈው በጉሮኖው በር ላይ እንደሆነ እየሳቀች ነገረችኝ። ይናደዱብኛል ብላ ትፈራለች፤ እባክዎ አይቆጧት።

ማኅተም ያለው ወረቀት ልልክልዎ አልችልም። ያላየሁትን መርዝ አየሁ ብዬ ለማንም አልጽፍም፤ ላሳደጉኝ ለእርስዎም ቢሆን። በእኔ ወረቀት ሰው ዋርካ ሥር ተዋርዶ፣ የኢቅራ ኒካሕ ፈርሶ፣ በኋላ ውሸት ቢሆን ምን ብዬ አገሬ እገባለሁ?

አሁን የከነከነኝን ልንገርዎ፤ ካጠፋሁም ይማሩኝ። ፍየሎቹ ምን ይበላሉ ብዬ ጠየቅኩዎ። ስለ ፈረንጅ ፍየል ጻፉልኝ፣ ስለ ሼኹ ጻፉልኝ፣ ስለ በድረዲን አንገት ሳይቀር ጻፉልኝ። ያንን አንዱን ግን ዘለሉት። እርስዎ ነገር የሚረሱ ሰው አይደሉም። ቅድስት ደግሞ ሳልጠይቃት፣ አጥሩ በጓሮ በኩል ተመልጦ ጭራሮው ቀርቷል አለችኝ። ለእኔ ለምልሟል ብለው ነው የጻፉት። የትኛውን ልመን? አክስቴ፣ የሚደብቁኝ ነገር አለ?

ልጅዎ ራዊያ


መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቆቦ

ለራዊያ፣

አላህ ለሁላችንም ልቦና ይስጠን፤ ለአንዳንዱ ደግሞ ጨመር አድርጎ።

እንዲህ ሆንን? በቤቴ ላይ ሰላይ ቀጠርሽብኝ? ያቺ ቅድስት፣ የማንም ወገን አይደለችም ብዬ ያመንኳት፣ ለካ የአንቺ ወገን ናት። ጠመኔዋን ተናዘዘች፤ ይቅር አልኳት፤ ግን ከዛሬ ጀምሮ ጋዎኗን መንገድ ላይ ነው የምታራግፈው።

ፍየል ምን ትበላለች ብለሽ መላልሰሽ ትጠይቂኛለሽ። ፍየል የፍየል ምግብ ትበላለች! ሌባ ተይዞ እንደሚጠየቅ አትጠይቂኝ። እናትሽ ስትሞት በጀርባዬ ተሸክሜ ከሮቢት ያመጣሁሽ እኔ ነኝ፤ ያኔ ምን በላሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

አጥሩ ተመለጠ ያለችሽን በተመለከተ ወላሂ አልልም፣ ጾመኛ ነኝ። ግን በዓይንሽ እንድታዪው ከአበባሽ አንድ ዘንግ ቆርጬ፣ በኢቅራ አሮጌ ደብተር መካከል አድርቄ ልኬልሻለሁ። ይኸው ቀዩ፣ ይኸው ቢጫው። የጠፋ አበባ እንዲህ ያብባል? አሁን ማን ዋሸ?

ሐሙስ እየቀረበ ነው። መድኃኒትም አልልሽ፣ ማኅተምም አልልሽ። በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ የሰውዬውን ስም ብቻ ጽፈሽ ላኪልኝ። «በድረዲን» ብለሽ፣ ሌላ ምንም ሳትጨምሪ። ውጭ አገር የተማረችው ልጅ ጻፈች ከተባለ ለሽማግሌው ይበቃል። ካልላክሽም እምላለሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ መሆኑን አውቃለሁ፤ አውቄ ነው የምገባበት።

ኢቅራ ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችኝ። «ብትምዪ ከዚህ ቤት እወጣለሁ» አለችኝ። ይህንንም ያደረገብኝ እሱ ነው።

አክስትሽ ኡሙልኸይር


መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.
ዩትሬክት

ለተከበሩ አክስቴ፣

ዒድዎ እንዴት አለፈ ብዬ ሰላምታ የማበዛበት ጊዜ አይደለም። ሐሙስ ሳይደርስ ይህ ወረቀት እጅዎ እንዲገባ አላህን እየለመንኩ ነው የምጽፈው። እባክዎ አይማሉ። በድረዲን ምንም አላደረገም።

የላኩልኝን አበባ ጠረጴዛዬ ላይ አኑሬ ሁለት ቀን አየሁት። የደረቀም ሆኖ ሽታው ያንን ጓሮ አመጣብኝ፤ አልቅሻለሁም። በሦስተኛው ቀን ግን ዓይኔ አንድ ቅጠል ላይ አረፈ። ግማሹ የለም። ጫፉ በማጭድ አልተቆረጠም፤ በጥርስ ነው የተነጨው። የፍየል ጥርስ። ያኔ «ወላሂ አልልም» ያሉት ቃል ትዝ አለኝ፤ ጾሙን ሳይሆን ሌላ ነገር ፈርተው እንደሆነ ገባኝ።

ቅጠሉን ዘፍዝፌ ለጉበቶቹ ሰጠኋቸው። በማግሥቱ አረንጓዴውን ቀለም ባጠጣቸው አንድም ቦይ አልበራም። ሕዋሳቱ በሕይወት አሉ፤ ግን ቀለሙን ውስጣቸው ይዘው ቀሩ፣ ማውጣት አቃታቸው። አላመንኩም። ደገምኩት፤ ያው ነው። ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ሌላ ቅጠል ቆርጬ በዚያው መንገድ ሰጠኋቸው፤ ቦዮቹ አበሩ። የእኛውን በሦስተኛ ጊዜ ሰጠኋቸው፤ ጨለመ። ዕፅዋት ለሚያጠና ሰው አሳየሁት፤ ሳያመነታ ስሙን ነገረኝ። አገራችን ውስጥ የወፍ ቆሎ የሚባለው ነው። ወፍ ፍሬውን ይለቅማል፤ ከብትና ፍየል ቅጠሉን ከበላ ግን ሐሞቱ ይታገታል።

ነጭ ነጩ ለምን እንደ ሞተ ልንገርዎ። ፍየል ከምትበላው ቅጠል አረንጓዴነት የሚቀር ነገር አለ፤ ደህና ስትሆን ከሐሞቷ ጋር ይወጣል። ሐሞት መውጫ ሲያጣ እሱም ደም ውስጥ ይቀራል፤ ፀሐይ ሲነካው ቆዳውን ያቃጥለዋል። ጥቁሩን ጥቁረቱ ይጋርደዋል፤ ነጩ ይላጣል። እርስዎ እንዳሉት የሚመርጥ ነበረ፤ የምትመርጠው ፀሐይ ናት።

ሳህን ላይ ያለ ሕዋስ ፍየል አይደለም፤ የእኔ ሥራ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ቢሆንም ቅጠሉን ዛሬውኑ ያቁሙ፣ የቀሩትን ጥላ ሥር ያስሩ፣ ሐኪሙንም ይጥሩና ስሙን ይንገሩት።

አሁን ደግሞ የእኔ ጥፋት። ያንን አበባ ከደሴ ዘንጉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ያመጣሁትና የተከልኩት እኔ ነኝ። ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ፣ ስላማረኝ ብቻ። ሰባቱን ፍየል የመረዝኩት እኔ ነኝ። ይህን ገጽ ለሽማግሌዎቹ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡላቸው፤ እርስዎን ማንም እንዳይናገርብኝ።

ቅድስት ለሥልጠና ደሴ ሄዳለች፤ ስልኳም አይነሣም። የእርስዎ ስልክ ዝግ ነው። ሾፌሩ ደብዳቤውን የሚተውበት ከበድረዲን ሱቅ ሌላ ቦታ አላገኘሁለትም። ከፍቶ ቢያነበው አይከፋኝም። የምፈራው፣ ይወነጅለኛል ብሎ ሳይከፍት እንዳይጥለው ነው።

ልጅዎ ራዊያ


ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቆቦ

ለልጄ ለራዊያ፣

አሰላሙ ዓለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እጅሽ የነካው ሁሉ ይለምልም ብዬ ልመርቅሽ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ምርቃቱን አስቤ ነው የምሰጠው። እጅሽ የነካው ይዳን። አሜን በይ።

ሐሙስ ዕለት ዋርካው ሥር ሰው ሞልቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ በአንድ ወገን፣ እኔ ብቻዬን በአንድ ወገን። ኢቅራ አልመጣችም። ቁርኣኑን ከነመሸፈኛው አቀረቡልኝ። እጄን ስዘረጋ በድረዲን ከተቀመጠበት ብድግ አለ። የሚለምነኝ መስሎኝ ልቤ ደስ አለው፤ አልዋሽሽም። እሱ ግን ከኮቱ ኪስ ፖስታሽን አወጣ።

«ትናንት ከሰዓት ሾፌር ሱቄ ትቶት ሄደ» አለ። «ከልጅቷ ነው። በእኔ ላይ ምን እንደጻፈች አላውቅም። ከማለች በኋላ ብሰጣት ግን ሰው ይቅርና አላህ ምን ይለኛል? አንብባ ትማል።»

ተቀበልኩት። ታዲያ መጀመሪያ ምን ያደረግኩ ይመስልሻል? አገላብጬ ሙጫውን አየሁ። ከፍቶት እንደሆነ ብዬ። አልተነካም ነበር። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ አፍሬ አላውቅም፤ ያፈርኩትም ገና ሳላነበው ነው።

ቆሜ አነበብኩት። ስጨርስ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

የጠየቅሽኝን አሁን ልመልስልሽ። ጥቅምት ላይ ከማሽላው ካባረራቸው በኋላ ፍየሎቹን በእልህ ጉሮኖ ዘጋሁባቸው። ገለባ አለቀ። ከበድረዲን አገዳ ብለምን ይሰጠኝ ነበር፤ ልለምነው አልፈለግኩም። ማጭድ ይዤ በጓሮ ዞርኩ። እንግዳ በማያየው ወገን በየቀኑ አንድ አንድ እቅፍ እያልኩ አበባሽን አጨድኩላቸው። መጀመሪያ አሽትተው ተዉት፤ ሲርባቸው በሉ። የላክኩልሽ ዘንግም ከዚያው እቅፍ የተመዘዘ ነው። አንቺ በደብዳቤሽ ሁሉ አበባዬ ስትዪ እኔ ለምልሟል እልሻለሁ። አደራሽን አልበላሁም ያልኩሽ እውነት ነው፤ ፍየል በላው። አንዷን ውሸት ለመሸፈን በሰው ላይ ቁርኣን ልነካ ነበር። ስለ ጉበት የጻፍሽው ስለ እኔም ነው ልጄ፤ መውጫ ያጣው ሐሞት የፍየሎቹ ብቻ አልነበረም።

ተነሣሁና «ፍየሎቼን የገደልኩ እኔ ነኝ፤ በድረዲን ንጹሕ ነው» አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አጥሩን፣ ማጭዱን፣ ቅጠሉን። በእግሩ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዞ አነሣኝ። ሰውዬው ምን አለኝ መሰለሽ?

«እኔ እኮ ያን ጊዜ በአጥርሽ ላይ ሳይ የነበረው ለእኔ ፍየሎች ትንሽ ቅጠል ልለምንሽ ፈልጌ ነው። ትሰስታለች ብዬ ተውኩት። ስስትሽን አላህ ያቆይልኝ፤ ፍየሎቼን አተረፈልኝ።»

ዋርካው ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔ ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ። ሽማግሌዎቹ ዱዓ አድርገው ነገሩን ዘጉት። ኒካሑ የሸዋል ወር ሳይወጣ ይሆናል ተባለ። ኢቅራ ቤት ስደርስ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ወሬው ቀድሞኛል። አንገቴን አቀፈችኝ።

በማግሥቱ መንሱር ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ አጥሩን ከነሥሩ ነቀለው። ሰባት ዓመት የወረደ ሥር ቀላል አይደለም፤ ሁለት ቀን ቆፈሩ። በድረዲን ለፍየሎቹ የማሽላ አገዳ አሸክሞ ላከልኝ። አራቱ ጥቁሮች ደህና ናቸው። ወይቦዋ ገና ጥላ ሥር ናት፤ ዛሬ ጠዋት ግን ጥቂት ቀመሰች። ሐኪሙም መጥቶ ዓይኗን አይቶ ይሻላታል ብሏል። ያቺን የፈረንጅ ፍየል፣ ነፍስ ባይኖራትም፣ ምስክርነትሽ ደርሷል በያት።

በአንድ ነገር ብቻ አልታዘዝኩሽም። ዱዓው ሊደረግ ሲል ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ነገር ከያዙ የማይለቁት፣ «ቆይ፣ ይህን መርዝ ሠፈራችን ውስጥ የተከለው ማነው?» አሉኝ። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢ ያልሽኝ ገጽ እጄ ላይ ነበር። አጠፍኩና መቀነቴ ውስጥ ከተትኩት። ቁርኣኑ ገና ከፊቴ ስለነበር መዋሸትም አልቻልኩም።

«ሰባት ዓመት ውኃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ያጠጣ ነው የተከለ።»

አክስትሽ ኡሙልኸይር